ለማይሠሩበት ቀን የሚከፈል ኪራይ

ዓርብ ጠዋት ካርቱም ውስጥ በጀብራ ሰፈር ግቢያችን እንዲህ ይጀምር ነበር። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ የቤት ሠራተኞቹ ሴቶች የሳምንት ልብሳቸውን በፌስታል ይዘው ከሀብታሞቹ ሰፈር ከዐማራት በሚኒባስ ይመጣሉ። ልብሱ ታጥቦ ገመድ ላይ ይሰጣል፤ በዚያ ሙቀት ለመድረቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ከዚያ አራቱም ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ይገባሉ። ፍራሽ ይነጠፋል፤ ፉል ተገዝቶ ይበላል። ቀጥሎ ፎቶግራፍ ይወጣል።

ፎቶግራፉ የሰው አይደለም፤ የቤት ነው። ገንዘቡ ዲናር ተብሎ፣ ሰው ግን አሁንም በቀድሞው ገንዘብ በጊኔ በሚቆጥርበት ዘመን ነበር። ሴቶቹ ስድስቱን ቀን አሠሪያቸው ቤት ያድራሉ፤ ሰባተኛዋን ቀን ለራሳቸው ያውሏታል። ለዚያች ቀን ሲሉ ለአራት አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ኪራዩንም ይካፈላሉ። የቀረው ደመወዝ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ ሄዶ ድንጋይና ሲሚንቶ ይሆናል፤ ከዚያም ፎቶግራፍ ሆኖ በመንገደኛ እጅ ይመለሳል።

ግድግዳው ስስ ስለሆነ ወጋቸውን ሁሉ እሰማ ነበር። የዚያን ያህል ባዶ ወግ ሰምቼ አላውቅም። አንዷ ሌላዋን ወገብሽ ተሻለሽ ወይ ብላ ስትጠይቅ አልሰማሁም። የውጭ በሩ ብረት ከየት እንደተገዛ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ግን በዝርዝር ይጠየቃል። ቀና ብለው ቢያዩ በላያቸው ያለው ቆርቆሮ ተቀዶ ሰማይ ይታይበታል። ቀና የሚል አልነበረም።

ዘኪያ ከአራቱ በዕድሜ ትንሿ ነበረች። ካርቱም የገባችው ለእናቷ ቤት ቆርቆሮ ለማልበስ ነው፤ ያ ብቻ ይበቃኛል ብላ ነበር። ቆርቆሮው በአንድ ዓመት አለቀ። ቀጥሎ ወለሉ፣ ከወለሉ ቀጥሎ አጥሩ መጣ። ደብዳቤዋን የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ እሷ ፊደል አልቆጠረችም። የሚጽፈው ወንድሟ ሙሐመድአወል ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ያለፈ፣ እጅ እግሩ ሙሉ፣ ከእህቱ ቤት ማሠራት በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ሰው። ደብዳቤው ሁልጊዜ በረጅም ሰላምታ ይጀምርና ሲሚንቶ ላይ ያበቃል። ጤናዋን የሚጠይቀው በሰላምታው ውስጥ ነው፤ መልስ የሚፈልገው ግን ለሲሚንቶው ብቻ ነው።

አንድ ዓርብ ዘኪያ የቤቷን ፎቶ ፍራሹ ላይ ስታኖር፣ ፋጤ የምትባለው ምላሰኛ አነሣችው። ፋጤ ደሴ ላይ አንድ ፎቅ አስወጥታለች፤ ከዚያ ወዲህ አንገቷ ራሱ ረዝሟል።

«ዘኪያዬ፣ ይሄ ለእናትሽ ነው ወይስ ለዶሮዎቻችሁ?» አለቻት።

ሁሉም ሳቁ፤ ዘኪያም አብራ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ግን የእኔ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«እትዬ የኔነሽ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ለሰው ስንት ገንዘብ ይበቃዋል?»

ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። ሰው ደጄ ሲመጣ አጭሩን መልስ ሰጥቼ እሸኝ ነበር። «እሱ እንደ ሰዉ ነው» አልኳትና ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩት ይህን ለመመለስ ከሆነ፣ ከዚያ ክፍል ወግ የኔ በምን እንደሚሻል አላውቅም።

በሚቀጥለው ዓርብ ዘኪያ ከክፍሉ ኪራይ እንደምትወጣ ተናገረች። በወር አራት ቀን ለምውልበት ቤት ምን ብዬ እከፍላለሁ፣ ዓርብንም አሠሪዬ ዘንድ እሠራለሁ፣ ለዓርቡ ትጨምርልኛለች አለች። ድርሻዋ በዓመት ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚሆን ከወንድሟ ጋር በስልክ ቆጥረውት ኖሯል። ፋጤ አደነቀቻት፤ ኪራይ ማለት አባይ ውስጥ የተጣለ ገንዘብ ነው አለች።

የተቃወመቻት ከአራቱ አንዷ ሉጥፊያ ብቻ ናት። ሉጥፊያ በልጅነቷ መጥታ እዚያው ያደገች፣ አማርኛዋ ከዐረብኛ ጋር የተቀላቀለ ሴት ናት።

«ስሚኝ ያ ዘኪያ» አለች። «ኪራዩ ለምትተኚበት ሌሊት አይደለም። ለማትሠሪበት ቀን ነው። ትታመሚያለሽ። ሲቷ፣ አሠሪሽ፣ ትቆጣና ያላ ውጪ ትልሻለች። ያን ቀን ወዴት ነው?»

«አሠሪዬ ጥሩ ናት፤ ኢንሻላህ አልታመምም» አለች ዘኪያ።

«ይቺ ደግሞ» አለች ፋጤ፣ «ሃያ ዓመት ካርቱም ኖራ አንድ በር እንኳ አላቆመችም፤ ምክር ግን አላት።»

እንደገና ተሳቀ። በሳምንቱ የዘኪያን ቦታ ሌላ ሴት ያዘችው።

ካርቱም በዝናቡ ወራትም ይሞቃልና፣ ክረምት ሲገባ የዘኪያ አሠሪዎች ሙቀቱን ሽሽት ለሁለት ወር ካይሮ ሄዱ። ጥሩ የተባለችው ሴትዮ ቤቱን ቆልፋ፣ ስንመለስ ነይ ብላ ሸኘቻት። ዘኪያ ወደ ጀብራ መምጣት አፈረች። እንዴት ትምጣ? ስቀው አድንቀው የሸኟት ሴቶች ፊት ፌስታሏን አንጠልጥላ? ለእኛ በስልክ ቤቱን እየጠበቅሁ ነው አለችን፤ አመንን፤ ማመን ምንም አያስወጣም።

የሄደችው ከከተማው ዳር፣ ካላክላ ነው። የአገሯ ልጅ ባል የሚጠብቀው፣ ተጀምሮ የቆመ ፎቅ ነበረ። ዘበኛው የሚኖርባት ክፍል ለእነሱም ስለማትበቃ ላይኛው ወለል ላይ ምንጣፍ ሰጧት። ጣራ የለውም፤ መስኮቱ ክፍት ነው፤ ዝናቡ ሥሩ አቁሯል፤ ትንኙ እንደ ጉም ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ለወንድሟ ሁለት ቤት ቆርቆሮ የሚያለብስ ገንዘብ የላከች ሴት እዚያ አምስት ሳምንት አደረች።

ሉጥፊያ የስልኩ ወሬ አልጥም ብሏት ዐማራት ሄዳ የተቆለፈውን በር አየች። ጠያይቃ ካላክላ ስትደርስ ዘኪያ ሰው አትለይም ነበር። ሪክሻ በሚሏት ባጃጅ ጭና እኔ ክፍል አመጣቻት፤ ከዚያ ሆስፒታል ወሰድናት። ያንን ኮሪደር ከባለቤቴ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ስለሱ አልጽፍም። ወባው ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል አሉን። ሦስት ቀን ሙሉ ከአልጋዋ አጠገብ የተቀመጥነው ሉጥፊያና እኔ ነን። ፋጤ በአራተኛው ቀን ብርቱካን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

ዘኪያ ዳነች። ስትነቃ ግን ስናነጋግራት አፋችንን ታያለች እንጂ አትመልስም። መድኃኒቱ ይሁን በሽታው አይታወቅም አለ ሐኪሙ፤ ሁለቱም ጆሮዋ አይሰማም፤ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ አለን።

አሠሪዋ ከካይሮ ስትመለስ በጣም አዘነች። ደወል የማይሰማ፣ ሕፃን ሲያለቅስ የማይሰማ ሠራተኛ ምን ያደርግልኛል ብላ፣ የአንድ ወር ደመወዝ ሰጥታ አሰናበተቻት። በዚያው ሳምንት፣ ዘኪያ እኔ ክፍል ሳለች፣ የሙሐመድአወል ደብዳቤ ደረሰ። ሰው ሁሉ ፎቅ ሲያወጣ እኛ መሬት ላይ ቀረን፣ አሁን ለመስኮቱ መስታወት ያስፈልጋል ይላል። ዘኪያ እንዳነብላት በዓይኗ ለመነችኝ። ራሷ ማንበብ አትችልም፤ እኔ ባነብም አትሰማም። ደብዳቤውን አጠፍኩና ጀርባው ላይ መስኮት ሥዬ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ፍራሹ ላይ ደፋችው።

ለሙሐመድአወል መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጭር ነበር። እህትህ ደንቁራለች፤ መስታወቱን በጉልበትህ ሠርተህ ግዛ አልኩት። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም፤ ዓይነቱ እንደዚያ ነው።

ዓርብ መጣ። ፋጤ ፎቶግራፎቿን አላወጣችም። አዲሷን ሴት ፍራሹ ላይ ጠጋ በይ አለቻትና የዘኪያን ፌስታል ግድግዳው ሥር አኖረች።

«የእሷን ድርሻ እኔ እከፍላለሁ» አለች። «እኔ ነኝ ያሳቅሁባት።»

 ሉጥፊያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ይህን የምጽፈው ደመወዛችሁን እስከ መጨረሻዋ ጊኔ ለግድግዳ ለምትልኩ እኅቶች፣ ይበልጡንም አገር ቤት ተቀምጣችሁ ለምትቀበሉ ነው። ለሰው ስንት እንደሚበቃው ዛሬም አላውቅም። ከየት እንደሚጀመር ግን አውቃለሁ፤ ለዘኪያም ያኔ ልነግራት ይገባኝ ነበር። መጀመሪያ የሚከፈለው፣ ሰው መሥራት ባቃተው ቀን ለሚጋደምባት ስፍራ ነው። ከዚያ ለሐኪም። ቆርቆሮውና ሴራሚኩ ከእነዚህ የተረፈ ካለ ይሠሩበት፤ ካልተረፈ ይቅሩ። የእናት ቤት በጭቃ ቢለሰን ማንም አይሞትም። በዚያ የሚስቅ ካለ፣ ሳቁ ከዶሮ ጩኸት የበለጠ ክብር አይገባውም።

ዘኪያ አሁን ጀብራ ነው የምትኖረው። የሴቶቹን ልብስ ታጥባለች፤ ማታ ማታ ፊደል አስቆጥራታለሁ፤ «መ» ላይ ደርሰናል። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ሉጥፊያ ትከሻዋን ነካ ታደርጋታለች። ዘኪያ አዛኑን አትሰማም።