ጠዋት ወተቱን የወሰደችው

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ በዛር፣ በጥላ፣ በቀትር ጋኔን፣ በምንም የማላምን ሰው ነኝ፣ ቢሮ ውስጥ ልጆቹ ተሰብስበው "እንትና ቤት እኮ ዕቃ ለብቻው ይንኳኳል" ሲባባሉ "አይጥ ነው፣ ድመት አሳድጉ" ብዬ ወሬውን የማበላሸው እኔ ነኝ፣ በዚህም ብዙ ሰው አይወደኝም። አባቴ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፣ ልጅ ሆኜ ጨለማ ፈራሁ ስለው መብራት አያበራልኝም፣ እጄን ይዞ ጨለማው ውስጥ ያስገባኝና "በይ ዳስሺው፣ ምን አለ?" ይለኛል፣ ምንም የለም፣ በርጩማ ነው፣ ጀሪካን ነው። እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ባታምኑ አልቀየምም፣ ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው እኔም አላምነውም።

ጣጣውን ያመጣው ቪዛ ነው። ባለቤቴ ኖርዌይ ነው ያለው፣ ከተጋባን በኋላ አብረን የኖርነው ከጫጉላ ብዙም አያልፍም፣ ከዚያ ወዲህ ትዳራችን ስልክ ውስጥ ነው፣ ስልክ ላይ እንጣላለን፣ ስልክ ላይ እንታረቃለን። ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ኤምባሲው ቀጠረኝ፣ ሰነዶችሽን አሟልተሽ ነይ ተባልኩ፣ ሁሉም አለኝ፣ የልደት ሰርተፊኬት ብቻ የለኝም፣ እሱ ደግሞ ከተወለድሽበት ከተማ ነው የሚወጣው አሉኝ። በቀጠሮው ቀን ካላቀረብኩ ፋይሉ ይዘጋል፣ እንደገና ከሀ ብሎ መጀመር ነው፣ እንደገና የመጠበቅ አቅም ደግሞ እኔም የለኝ፣ እሱም የለው፣ ሰሞኑን ስልክ ላይ ዝምታችን በዝቶ ነበር፣ ይህን ያየ ያውቀዋል።

እኔ የተወለድኩት ጅግጅጋ ነው። አባቴ ከወሎ ተመድቦ ሄዶ እዚያው ቀረ፣ እናቴ እዚያው ሞተች፣ እዚያው ተቀበረች፣ ከዚያ ከተማው የታመሰ ጊዜ፣ በ2010 ክረምት ማለቴ ነው፣ እኔና አባቴ አንድ ሻንጣ ይዘን ወጣን፣ አዳማ ገባን፣ አባቴም አዳማ ላይ አረፈ። ተመልሼ ሄጄ አላውቅም። አሁንም የምሄደው ለወረቀት ነው እንጂ ናፍቆኝ አይደለም ብዬ ለራሴ ስነግረው ነበር፣ እመኑኝ፣ ውሸቴን ነው።

ባቢሌ ላይ እንደ ድሮው ኦቾሎኒ ገዛሁ፣ ካራማራን ስንወርድ ሜዳው ወለል ሲል ሆዴ ባባ፣ ያ ነፋስ ደግሞ ያው ነው፣ አፍሽን በአቧራ ካልሞላ እንኳን ደህና መጣሽ ያለሽ አይመስለውም። መናኸሪያ ወርጄ የባጃጁን ሰውዬ በሶማሊኛ ሰላም አልኩት፣ ያደግሁበት ቋንቋ ነዋ፣ እሱ ግን ዞር ብሎ አየኝና በአማርኛ "እንግዳ ነሽ?" አለኝ። ቀበሌ አድርሰኝ ብዬው ገባሁ፣ መንገዱን ሁሉ ከቀኝ ከግራ የማውቀው ፊት ስፈልግ አንድ እንኳን ሳላገኝ ደረስኩ። ፎቁ ብቻ በዝቷል።

ቀበሌ የነበረው ጸሐፊ ጨዋ ልጅ ነው፣ አላመናጨቀኝም፣ "እዚህ መወለድሽን የሚያውቁ የሰፈር ሰዎች ነገ ጠዋት ይዘሽ ነይ፣ ቀርበው ይመስክሩ፣ ይፈርሙ፣ በቃ" አለኝ። ከግቢው ስወጣ አጥሩ ጥላ ስር ቁጭ ያሉ ሰዎች "ምስክር ነው?" አሉኝ፣ ለካ ሥራቸው ነው፣ የሻይ ከሰጠሻቸው ዓይተውሽ የማያውቁ ሰዎች ስትወለጂ አይተናል ብለው ይምላሉ። ደሜ ፈላ። እኔ እዚህ ከተማ ተወልጄ፣ እናቴን እዚህ ቀብሬ፣ የሚያውቀኝ ሰው ልከራይ? አልኩና ጥያቸው ሄድኩ፣ ብቻ ካለፍኩ በኋላ ስልኬን ከፍቼ የድሮ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ስደውል፣ አንዱ ጥሪ አይቀበልም፣ አንዱ ሌላ ሰው ሆኗል፣ አንዱ ዝም ነው። ያኔ ኩራቴ ትንሽ በረድ አለ።

ወደ ሰፈራችን የሄድኩት ከምሳ በኋላ ነው። ጅግጅጋን የሚያውቅ ያንን ሰዓት ያውቀዋል፣ ሰው ሁሉ ጫቱን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ከተማው ጭር ይላል፣ ፀሐይዋ ብቻዋን መንገድ ላይ ትቀራለች። ሰፈሩ አልተለወጠም፣ የሐጂ ሱቅ አለ፣ በሩ ላይ ያ የቆርቆሮ ጥላ አለ፣ ጥላው ስር ደግሞ ማንን ባይ ጥሩ ነው፣ ኤዶ ከልቱንን! ኤዶ ማለት አክስት ማለት ነው፣ የሥጋ አክስቴ ግን አይደለችም፣ ከሀርሺን በኩል የሚመጣላትን የግመል ወተት እዚያች ቦታ ቁጭ ብላ የምትሸጥ፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ጸጉሬን የሠራችኝ፣ ጥፍሬን የቆረጠችኝ ሴት ናት። አርጅታለች፣ ግን እሷው ናት። እቅፍ አድርጋኝ እስክትጮህ ጠበቅኩ።

ቀና ብላ አየችኝና "አንቺ ልጅ፣ ምን ረሳሽ ደግሞ?" አለችኝ።

"ኤዶ፣ እኔ ነኝ፣ ሰናይት" አልኳት።

"አውቃለሁ ሰናይት እንደሆንሽ፣ ታዲያ ማን ልትሆኚ ነው? ወተትሽን ጠዋት ወስደሻል፣ ጨረስሽው እንዴ?"

ሳቅኩ፣ ኤዶ ድሮም ቀልደኛ ናት፣ በመጥፋቴ እየቀጣችኝ መሰለኝ፣ እኔም "ከአዳማ እስከዚህ ወተት ፍለጋ አልመጣሁም" አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። ሐጂ ከሱቃቸው ውስጥ ሆነው ጉንጫቸውን እንደወጠሩ "ስኳሩ ነገ ነው የሚገባው ብዬሽ የለ እንዴ፣ ምን ታመላልሺዋለሽ እግርሽን?" አሉኝ። በሕይወቴ ሁለት ሽማግሌዎች ተማክረው እንዲህ ሲያሾፉ አላየሁም፣ "ሐጂ፣ እኔ ከዚህ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ!" ብዬ ጮህኩባቸው፣ እሳቸው ኤዶን አዩ፣ ኤዶ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ ኤዶ መዳፏን ግንባሬ ላይ አደረገች፣ ትኩሳት እንዳለው ልጅ።

"አባትሽ ነው የሄደው፣ አላህ ይማረው፣ አንቺ ቀረሽ። ፀሐይ መቶሻል፣ አባዮ፣ እህቴ፣ አሁን እኮ ገባሽ፣ ምን አስወጣሽ በዚህ ቀትር? ግቢና ተኚ።"

ያ ሁሉ መንገድ የመጣሁት አንድ ሰው አውቆኝ "ወይኔ፣ ሰናይት መጣች!" እንዲለኝ ነበር፣ አወቁኝ፣ ግን ማንም የመጣሁ አልመሰለውም። እንግዲህ ፍረዱኝ። ቤታችን ውስጥ ሌላ ሴት ትኖራለች፣ ትመስለኝ ይሆናል፣ ሰው ሰውን ይመስላል፣ የኤዶም ዓይን ደክሟል አልኩና ወደ ቤታችን ታጠፍኩ፣ ደርሼ ላየው፣ ጨለማውን ልዳስሰው።

በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፣ ደጁ ላይ ማንም የለም፣ ጥላ እንኳን የለም። ውስጥ ግን ሰው አለ፣ ይጠርጋል። መጀመሪያ ውሃ በእጅ ረጨት ረጨት ተደረገ፣ ከዚያ መጥረጊያው ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ማንም ሰው ይጠርጋል፣ ለመጥረጊያ ድምፅ ማን ይደነግጣል? ግን እጄ፣ ይህቺ ቀኝ እጄ፣ አብራ ስትወዛወዝ አየኋት፣ እንደዚያ ነዋ የምጠርገው። እጄን ኪሴ ከተትኳት፣ በሌላኛው አንኳኳሁና "ቤቶች!" አልኩ።

መጥረጊያው ቆመ። ሸበጥ እየጎተተ የሚመጣ እግር ሰማሁ፣ በሩ ድረስ መጣ፣ ቆመ። መቀርቀሪያው አልተነካም። በበሩ ስር ክፍተት አለ፣ ጎንበስ አልኩ፣ እርጥብ መሬት አየሁ፣ ከዚያ የእግር ጣቶች፣ የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ጎረቤቷ ላይ ወጥታ ተኝታለች። የእኔም ትንሿ ጣት እንደዚያ ናት፣ የእናቴም እንደዚያ ነበረች። ሳልነሳ እንደተጎነበስኩ፣ ከላይ፣ ከቆርቆሮው ማዶ፣ "ሰው የለም" የሚል ድምፅ መጣ።

ድምፁን አወቅኩት። ለባለቤቴ የላክሁትን የድምፅ መልእክት መልሼ ስሰማው የሚያስቀኝ ያ ቀጭን፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ አለ አይደል፣ እሱ ነው። ቃሉ ደግሞ የባሰ ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴ ትምህርት ቤት ሲውል ብቻዬን እየዘጋብኝ ነበር የሚሄደው፣ ሰው ካንኳኳ ሰው የለም በይ ይለኛል፣ እኔም እላለሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ሰው ከሌለ አንቺ ማነሽ?" እያለ ይስቅብኝ ነበር፣ እኔ ግን በዚያች ሰዓት በሩን ከፍቼ የመጣውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ግባ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

"ሰናይት?" አልኩ፣ አፌ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ትንፋሽ ብቻ ሰማሁ፣ የእሷ ይሁን የእኔ አላውቅም። ከዚያ እግሩ ዞረ፣ መጥረጊያው ቀጠለ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አልሮጥኩም፣ እንዳትሳሳቱ፣ የአስተማሪ ልጅ ነኝ፣ ግን ሆቴሌ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ አንዱ እግሬ ላይ ጫማ አልነበረም፣ የት እንደወደቀ ዛሬም አላውቅም።

ጥዬ አልሄድኩም፣ ቀጠሮዬ አለ፣ ምስክር ያስፈልገኛል፣ ያሉኝም ሁለቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ለመንኳቸው፣ አላቅማሙም፣ ሐጂ ሱቃቸውን ዘጉ፣ ኤዶ ወተቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ባጃጅ ውስጥ ገባች፣ መንገድ ላይም ጉልበቴን መታ አድርጋ "ማታ ስታስቂኝ አምሽተሽ ዛሬ ፊትሽን ያጠቆረው ምንድን ነው?" አለችኝ። ማታ እኔ ሆቴል ነበርኩ፣ ራቴን እንኳን አልበላሁም።

ጸሐፊው መታወቂያዬን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና "አዳማ ነው የምትኖሪው ይላል እኮ" አለ። ኤዶ እጇን አወናጨፈች።

"ወረቀት የፈለገውን ይበል! ወላሂ፣ እናቷን አውቃታለሁ፣ ስትወለድ ነበርኩ፣ በየቀኑ ወተት እሰጣታለሁ፣ ከዚህ ከተማ አንድ ቀን ወጥታ አታውቅም።"

"እኔም ያንኑ ነው የምለው" አሉ ሐጂ።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ፣ "እንዲያ ነው?" አለኝ። በዚያች ደቂቃ መናገር እችል ነበር፣ እማማ ተሳስተዋል፣ የሚሉት ሌላ ሴት ናት ልል እችል ነበር፣ ከዚያስ? ባለቤቴን ምን ልለው ነው? "እዚህ ነው የተወለድኩት" አልኩ፣ ይህ ደግሞ እውነት ነው። ልጁ ትከሻውን ሰበቀ፣ እሱ የሚፈልገው መወለዴን ነው፣ ሐጂ ፈረሙ፣ ኤዶ አሻራዋን አደረገች፣ ስልክ ቁጥራቸውንም ተናገሩ፣ እኔም የኤዶን ቁጥር መዘገብኩ። ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ በፍርሃቱ መሀል ቀናሁ፣ ጠዋት ወተት የሚቀመጥላት፣ ማታ የምታስቅ፣ ብትቀር የምትፈለግ ሴት ላይ ቀናሁ። እኔ አዳማ አንድ ሳምንት ብቀር ማን ያንኳኳል?

ኤምባሲ ቀረብኩ፣ ምንም እንከን አልወጣበትም፣ ቪዛው ተመታልኝ። ባለቤቴ ስልክ ላይ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ትኬቴ ተቆረጠ፣ ሻንጣዬ ይኸው በሩ ስር ቆሟል። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ኤዶን ማመስገን፣ ሳላመሰግናት ብሄድ ነውር ነው፣ ለሷም ካልሆነ ለማን ልሰናበት? ትናንት ከሰዓት በኋላ ደወልኩ።

"ሄሎ፣ ኤዶ፣ ሰናይት ነኝ" አልኳት።

"ማን?"

"ሰናይት! የአስተማሪው ልጅ፣ የመሰከርሽልኝ።"

ከኋላዋ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል፣ ነፋሱ ይሰማል፣ ከዚያ አንዲት ሴት ቀረብ ብላ በዚያ አፍንጫ አፍንጫ በሚል ድምፅ "ማናት?" ስትል ሰማሁ።

"እንጃ፣ አላውቃትም" አለቻት ኤዶ።

ስልኩን እኔ አልዘጋሁትም፣ እነሱም አልዘጉትም፣ ኤዶ አጠፋሁት ብላ ጭኗ ላይ ያስቀመጠችው ይመስለኛል። ጨዋታቸውን ቀጠሉ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ሐጂ ጥርስ፣ ኤዶ ከልቧ ትስቃለች፣ ያቺኛዋ ታስቃታለች። ጆሮዬ ላይ ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ ሰማኋቸው።