ቤታችን ያለበት ጌም

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን ኖሮ እኔም ስቄ አልፈው ነበር። ግን ሆኗል... በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይን ፊት።

ጨለማ እንኳ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሎ ነው የጀመረው። ፀሐይ ነበረች፤ ጎረቤታችን ልብስ ታሰጣለች፣ መንገዱ ላይ መኪና ጥሩምባ ይነፋል።

ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና እማዬ ብቻ ነን።

እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ...

እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ሥራዬ የኮምፒውተር ጌም መፈተሽ ነው። ስጫወት የምውል እየመሰላቸው የሚቀኑብኝ አሉ። የፈታሽ ሥራ ግን መጫወት ሳይሆን ማበላሸት ነው። ግድግዳውን ሁሉ እየታከክሁ እሄዳለሁ፤ የሚያሾልክ ቀዳዳ ካለ ከተጫዋቹ በፊት እኔ ልውደቅበት። ጠላቶቹንም እጎትታለሁ። መጎተት የምንለው ለጠላቱ ብቅ ብሎ ታይቶ ወደ ኋላ መመለስን ነው። ይከተለኛል። እንደገና ብቅ እላለሁ፣ እንደገና ይከተለኛል። እንዲህ እያልሁ የፈለግሁበት አደርሰዋለሁ። መተያየታችን ከተቋረጠ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ወንድም ጋሼም እዚያው ኩባንያ ነበር። ታላቄ ነው። የእሱ ሥራ ተጫዋቹ የሚሄድባቸውን ክፍሎች፣ ኮሪደሮችና በሮች መሥራት ነበር።

አንድ ቀን አለቃችን የፊልም ጌም ሥራ ይዞ መጣ። ፊልሙ ስለ ጠፈር መርከብ ነው። ከረጅም እንቅልፍ የነቁ ተጓዦች መርከባቸው ውስጥ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ይደርሱበታል። ግራጫዎቹ ይሏቸዋል፣ እነዚያን ሌሎቹን። ፊልሙ ግሩም ነው፤ ጠላትም አይክደው። ችግሩ ጌሙ ፊልሙ ሲኒማ በሚገባበት ቀን መውጣት ነበረበት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነና፣ እኛ ለመልቀሚያውም ጊዜ አልነበረንም።

ወንድም ጋሼ ሙሉ መርከብ ከባዶ የሚያስብበት ጊዜ ሲያጣ አንድ ዘዴ መጣለት።

ቤታችንን ለካው።

በሜትር ኮሪደሩን ለካ፣ ክፍሎቹን ለካ፣ የበሮቹን ስፋት ለካ። የሜትሩን ጫፍ የያዘችለት እማዬ ናት፤ "ልንሸጠው ነው እንዴ?" እያለች ትስቅ ነበር። ልኩን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ብረት አለበሰው። ሳሎናችን የመርከቡ መቆጣጠሪያ ሆነ። ኮሪደራችን ዋናው መተላለፊያ። የእሱ መኝታ ቤት የመጨረሻዋ ክፍል። የውጭ በራችን ደግሞ የመርከቡ መውጫ። ከዚያ በር ወዲያ ምንም አልሠራም፤ ባዶ ነጭ ነው።

ጌሙ ወጣ። ዓለም ሳቀብን።

እውነቱን ለመናገር ያስቅ ነበር። የጀግናው ፊት የተቀቀለ ድንች ነው። ግራጫዎቹ ተጫዋቹን ትተው ከግድግዳ ጋር ይጋፋሉ። ፊልሙን የወደዱት ሰዎች የእናታቸው ፎቶ ላይ ቀለም የተደፋ ያህል ተቆጡ። እኔ ስድብ ለምጃለሁ። ወንድም ጋሼ ግን እያንዳንዷን አነበባት።

ሥራ መሄድ ተወ። ክፍሉን ዘግቶ፣ ጌሙን ከፍቶ፣ በገዛ መርከቡ ውስጥ ሲዞር ይውላል። ምን እንደሚፈልግ ስጠይቀው ፊቱን ሳያዞር "እኔ ያላስገባሁት ነገር አለ እዚህ ውስጥ" አለኝ። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ጠዋት እማዬ ቁርስ ይዛለት ሄዳ አንኳኳች። መልስ የለም። የጌሙ ድምፅ ግን ይሰማል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። አናጺ ጠርተን አሰበርነው።

ኮምፒውተሩ በርቷል...

ጫማው አልጋው ሥር ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ አንድም አልተነካም። ወንበሩን በእጄ ስዳስሰው ገና ሙቀቱ አልወጣለትም።

ወንድም ጋሼ የለም።

ፖሊስ ፈለገ፣ ዘመድ ፈለገ። ምድር አፏን ከፍታ የዋጠችው ያህል ጠፋ። እማዬ፣ ቁርጡን እወቂው የሚላትን ሁሉ በሩን ከፍታ ታስወጣ ነበር። ልጇ ቤት ውስጥ ነው፤ በቃ። እኛም አእምሮዋ እንዳይነካ ብለን ዝም አልን።

አሁን ወደዚያ ቀን ልመለስ።

አለቃችን ጌሙ በዚያው ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለዘለዓለም እንደሚዘጋ ነገረን። የኩባንያው ሰርቨር ከጠፋ ጌሙ የትም አይከፈትም። እኔም ለስንብት ያህል ሰው ስለ ጌሙ የለቀቀውን ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ።

አንዱ ቪዲዮ ርእሱ "ፈሪው ግራጫ" ይላል።

የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ አንድ ግራጫ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ሲያነጣጥሩበት ይዞርና ሁለት እጁን ያነሳል። ይተኩሱበታል፤ ይወድቃል። ተጫዋቹ ወጥቶ ሲመለስ... እንደገና እዚያው ቆሟል። ስንቱ ተሰልፎ ተኩሶበታል መሰላችሁ። ይስቃሉ።

እኔ አልሳቅሁም። የግራጫው ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነበር።

ወንድሜን ከጀርባው አውቀዋለሁ።

ሄጄ የእሱ ክፍል፣ የእሱ ወንበር ላይ፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ጌሙን ከፈትሁ። እማዬ ድምፁን ሰምታ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ልዋሻት አልቻልኩም፤ ነገርኳት።

የመጨረሻዋ ክፍል ገባሁ። ቆሟል።

ጌሙ መሣሪያ ማስቀመጥ አይፈቅድም። አፈሙዙ ሁልጊዜ ስክሪኑ መሀል ላይ ነው። ግራጫው ዞረ፣ እጆቹን አነሳ። ፊቱ እንደ ሌሎቹ ግራጫዎች ፊት ነው፤ ምንም የወንድሜ ነገር የለውም። ዓይኖቹ ግን እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለችውን ያዩ ነበር።

እማዬ ትከሻዬን ጨበጠች።

"ከስቷል..." አለች በሹክሹክታ።

ስልክ አንስቼ አለቃችን ጋ ደወልሁ። አንድ ቀን ብቻ ጨምርልን ብዬ ለመንሁት። ማንም አይጫወተውም አለኝ። ውስጡ ሰው አለ አልኩት። እረፍት እንድወስድ መክሮኝ ዘጋው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ወደ አእምሮዬ የመጣው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ መርከቡ ቤታችን ነው፣ እስከ ውጭ በር ከጎተትሁት ምናልባት...

ምናልባት ምን? አላውቅም። ሌላ ምንም አልነበረኝም።

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ተከተለኝ።

ሌላ እርምጃ። ተከተለኝ። እጆቹ እንደተነሱ ናቸው። ከክፍሉ ወጥቶ መተላለፊያው ውስጥ ገባ።

ቋ...

ከኋላችን ነው። ከእኛ ኮሪደር። የጣውላው ወለል ሰው ሲረግጠው እንዲህ ነው የሚለው።

"ሰማሽ?" አለች እማዬ።

"ሰምቻለሁ። ዝም በይ።"

ቆምኩ፤ ድምፁም ቆመ። ወደ ኋላ ሄድኩ።

ቋ... ቋ...

"እማ፣ እይልኝ። እኔ ዓይኔን ካነሳሁ ይመለሳል።"

በበሩ አንገቷን አስግጋ አየች። ቆየች።

"ማንም የለም" አለች። ከዚያ ድምጿ ወረደ። "ምንጣፉ ግን... ጎድጉዷል። ሰው እንደቆመበት።"

ውጭ ጎረቤታችን ስትዘፍን ይሰማኛል፤ ስክሪኑ ላይ መርከቡ ያጓራል፤ ኮሪደራችን ላይ ደግሞ ያ እግር ከእኔ ጋር ይሄዳል፣ ከእኔ ጋር ይቆማል። ሁለቴ ግድግዳ ውስጥ ተሰክቶብኝ ወደ ኋላ ተመልሼ አላቀቅሁት። ያኔ የእኛም ግድግዳ ከውስጥ ሲፋቅ ሰማን። ይህ ሁሉ ሰዓቱን በላው። የመስኮቱ ብርሃን ቢጫ ሆነ።

መውጫው በር ላይ ደረስን።

በሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ጽሑፍ መጣ።

አንድ ጠላት ቀርቷል።

ያኔ ትዝ አለኝ። ወንድም ጋሼ ለበሮቹ ቁልፍ የሚሠራበት ጊዜ ስላጣ ሁሉንም በአንድ ሕግ ነበር ያሰራቸው። ውስጥ አንድም ጠላት በሕይወት ካለ በሩ አይከፈትም። ሕጉን ስፈትሸው ይሠራል ብዬ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ።

እሱም ያውቀዋል። እጆቹን አወረደ። ቀስ ብሎ መጥቶ ግንባሩን አፈሙዙ ላይ አስደገፈ።

ጣቴን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁ። እያለቀስሁ ነበር።

"ምን ሆነ?" አለች እማዬ።

"በሩ እሱ ካልሞተ አይከፈትም።"

"ማን ነው ያለው?"

"እንደዚያ ነው የተሠራው፣ እማ። ካልተኮስኩበት አይከፈትም።"

ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የሹራቧን ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፈች፤ እንግዳ ልትቀበል ስትወጣ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

"የቤቴን በር ለመክፈት ማንን ነው የማስፈቅደው?" አለች።

ወጣች።

ቆይ ብዬ ጮህኩ። ልነሳ አልቻልኩም፤ ከተነሳሁ ወደ መጨረሻዋ ክፍል ይመለሳል፣ ሰዓቱም አልቋል። ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። የውጭ በራችን መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ።

ስክሪኑ ላይ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ።

በሩ ተከፈተ። ወዲያ ያለው ባዶ ነጭ ታየ። ነጩ ውስጥ... እማዬ ቆማለች።

ሹራቧ ያው ሹራቧ። ፊቷም የራሷ ፊት ነበር፣ አንድም አልተለወጠ። ደፉን ተሻግራ ገባች። ልጇን ክንዱን ያዘችው። ወዲያው በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

"እማ!" አልኩ። "እማ፣ ይዘሽው ውጪ!"

ቀና ብላ አየች። እኔን አልነበረም ያየችው። ከእሷ ወገን የሚታየው መሣሪያ የደገነ ሰው ነው።

ወንድሜን ጎትታ ከጀርባዋ አደረገችው። እጆቿን ዘርግታ ከአፈሙዙ ፊት ቆመች።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ ተለወጠ።

ሁለት ጠላት ቀርቷል።

ከዚያ ሁሉም ጠቆረ። ግንኙነቱ ተቋርጧል ይላል።

እየተደናቀፍኩ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። የውጭ በራችን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደፉ ላይ የእማዬ አንድ ነጠላ ጫማ ቀርቷል፤ አንደኛው የለም። ጎረቤታችን ልብሷን እየሰበሰበች ነበር። ማንም ሲወጣ አላየችም። በሩ ሲከፈት አይታ እማዬን ሰላም ልትል ጠብቃ ነበር፤ የወጣ ግን የለም።

ኩባንያው ደጅ ስንት ቀን እንደቆምኩ አትጠይቁኝ። ሰርቨሩን ለአንድ ደቂቃ አብሩልኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወድቄአለሁ። ማሽኖቹ ተነቅለዋል፣ የሚበራ ነገር የለም አሉኝ። አዘኑልኝ። ሐኪምም ጠቆሙኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ከማላውቀው ሰው መልእክት መጣልኝ። ፈታሿ እኔ መሆኔን ከጌሙ መጨረሻ ላይ ካለው የሠራተኞች ስም አግኝቶ ነው።

"ዘጋነው ብላችሁ አልነበር? እኔ ጋ ይሠራል" ይላል። "አዲስ ጠላትም ጨምራችኋል። አንዲት አሮጊት አላሳልፍ አለችኝ።"

ፎቶ ልኳል። ሹራቧ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። አንድ እግሯ ባዶ ነው። ከጀርባዋ ዝቅ ያለ ትከሻ ይታያል።

ወዲያው ጻፍኩለት። አትተኩስ። በፈጠረህ አትተኩስ። እናቴ ናት። የት ነህ?

አነበበው። ጠበቅሁ... ጠበቅሁ...

ቃል አልጻፈም። ሌላ ፎቶ ብቻ ላከልኝ። ሰው የለበትም። ነጭ ግድግዳና አፈሙዝ ነው የሚታየው፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ያ ጽሑፍ አለ።

አንድ ጠላት ቀርቷል።

የቀረው ማንኛቸው እንደሆነ አላውቅም። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ መልስ አልሰጠኝም።