የአምስተኛው ቁራጭ ባለቤት

«ጉልቬን፣ ጠረጴዛ ሥር ግባ!» አሉ አባባ ፋንሽ ቢላዋውን ከፍ አድርገው።

የስድስት ዓመቱ ጉልቬን እስኪባል ነበር የሚጠብቀው፤ እየተሳበ ገባ። በጥር ወር፣ ሰብአ ሰገል በሚታሰቡበት የነገሥታት በዓል፣ ኬክ ሲቆረስ የቤቱ ትንሽ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የትኛው ቁራጭ ለማን እንደሚሰጥ ይናገራል። ኬኩ ውስጥ አንዲት የሸክላ ባቄላ አለች፤ ለደረሰችው ሰው የወረቀት ዘውድ ይደፋለታል። እንዲህ ከሆነ አድልዎ የለም፣ ኩርፊያ የለም ይባላል። ጉልቬን በጠረጴዛ ልብሱ ጫፍ አጮልቆ እንደሚያይ ግን ቤቱ ሁሉ ያውቃል።

እህቱ ቲፌን ዓይኗ ኬኩ ላይ አልነበረም። ኪሷ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ጨብጣለች።

ቲፌን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ነገ ሰኞ በአራት ሰዓት ክፍል ፊት ቆማ ስለ ስሟ አመጣጥ ትናገራለች። ቤተሰብም ተጋብዟል። አያቷ አባባ ፋንሽ ፊት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ክራባታቸውን ካስተኮሱ ሦስት ቀናቸው!

አባባ የወንዙን ወፍጮ ከአባታቸው የወረሱ፣ አጥንት መቁጠር የሚወዱ ሰው ናቸው። «ቲፌን የምትባል የግንቡ እመቤት ነበረች» ይላሉ በየዓመቱ ኬኩ ሲቆረስ። «የኛን ባለወፍጮ ወደደችና ግንቧን ጥላ ወረደች። የጨዋ ዘር ነን እኮ!» በቤተሰቡ ስሙ እንዳይጠፋ ሁልጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ቲፌን ትባላለች። አባባ የዱቄት ከረጢቱ ላይ ሳይቀር ግንብ አሳትመዋል።

ዓርብ ዕለት ግን የታሪክ መምህርቷ ማዳም ሌኖ ከድሮው የጥምቀት መዝገብ አንድ ገጽ አገኘችላት፤ የ1498 ገጽ ቅጂ። ላቲኑን አብረው ፈቱት። ቲፌን ከዚያ ወዲህ እህል በቅጡ አልበላላትም። ነገ እውነቱን ብትናገር አባባ ክራባታቸውን እንዳሰሩ በሰው ፊት ማፈራቸው ነው። የግንቡን እመቤት ብትደግም ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ መዋሸቷ ነው።

«ይሄ ለማን?» አሉ አባባ።

«ለእማዬ!»

«ይሄስ?»

«ለኔ! ትልቁ ነው አይደል?»

«አንተ ቀጣፊ፣ እያየህ ነው!» አለች እናታቸው አዜኖር።

ሦስተኛው ለቲፌን፣ አራተኛው ለአባባ ደረሰ። አምስተኛውን እንደ ልማዱ «ለድሃው!» ብሎ ጉልቬን ከጠረጴዛው ሥር ወጣ። ሳይጠሩት በሩን ለሚያንኳኳ ሰው አንድ ቁራጭ ይቀመጣል። የሚያንኳኳ ሰው ከመጣ ግን ዘመን ሆኖታል።

አራቱም ጥርሳቸው እንዳይሰበር ቀስ እያሉ በሉ። ባቄላዋ የለችም።

«እንግዲህ የድሃው ቁራጭ ውስጥ ናት!» ብለው አባባ እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉ። «ዘንድሮም ድሃው እኔው ነኝ።»

ቲፌን ሳታስበው ሳህኑን በእጇ ሸፈነች።

«አባባ፣ አይብሉት። ባለቤት አለው።»

ወረቀቱን ዘርግታ አነበበች። «በነገሥታት በዓል ማለዳ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተጥላ የተገኘች ሴት ሕፃን ተጠመቀች። አባት እናቷ አይታወቁም። በበዓሉ ስም ቲፌን ተባለች። ክርስትና እናቷ የባለወፍጮው ሚስት ናት፤ ሕፃኗንም ወደ ቤቷ ወሰደቻት።»

አባባ የዘረጉትን እጅ ሰበሰቡ።

«በዚያ ዘመን ሰዉ በዓሉን ራሱን ቲፌን ነበር የሚለው» አለች ቀና ሳትል። «ከግሪክ የመጣ ነው፤ የአምላክ መገለጥ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን የተወለዱ ሴቶች በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።»

«የትኛው ወፍጮ ነው?» አሉ አባባ።

«እዚህ ወንዝ ላይ ሌላ ወፍጮ ነበር እንዴ?»

መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ተቀበሏት። ላቲን አንድ ቃል አያውቁም፤ ቢሆንም ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርገው ነዱት። ጆሯቸው ቀልቷል። ቲፌን ምነው አፌ በተቆረጠ አለች በልቧ።

«አምሳ ዓመት ሙሉ ስቀደድ ነው የኖርኩት በይኛ!» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎም ከአባትዎ የሰሙትን ነው እኮ ያወሩት።»

«እና የሷ ልጆች ነን ወይስ የባለወፍጮው?»

«እሱ አይታወቅም፣ አባባ። እናውቃለን ብዬ አልዋሽም።»

አባባ መስኮቱን አዩ። «ጥር ላይ» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ ብርድ ደጃፍ ላይ…» የቀረውን ዋጡት። ከዚያ የወረቀቱን ዘውድ አንስተው አምስተኛው ቁራጭ ላይ ደፉት። ቁራጩ ከነሳህኑ ተሸፈነ።

«እሷ እኮ ሞታለች!» አለ ጉልቬን። «ማን ሊበላው ነው?»

«አንተ ሆዳም፣ ነገ ትበላዋለህ። ዛሬ ግን የሷ ነው» አሉ አባባ።

አዜኖር ሳቋ አመለጣት፤ አባባም ተከተሏት። «ከረጢቱንስ ምን ላድርገው? ግንብ ያለበት ሦስት ሺህ ከረጢት ጎተራ ውስጥ ተከምሮ!»

«መጀመሪያ እሱ ይለቅ፣ አባዬ» አለች አዜኖር።

ቲፌን ሳቅ ሳቅ አላት፣ ግን አባባን አየት አድርጋ ተወችው። «ነገ… ይመጣሉ?»

«ክራባቱን ለምን አስተኮስኩት ታዲያ? ፊት ወንበር ያዢልኝ። ደጃፉ ላይ የተገኘችበት ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ከኋላ ያለው ሰው እንዲሰማ።»

ቲፌን ብዕርና የነገ ንግግሯን ረቂቅ አወጣች። «የግንቡ እመቤት» የሚለውን ሰረዘችና ከዘውዱ አጠገብ ወረቀቷን አመቻችታ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች።