አራት ጊጋ የማይሞላው ካርድ

የማንያህልሻል አባት ጎንደር ከተቀበሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ እሷ ግን አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። መርዶውን የሰማችው ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር፣ ወንድሟ ጌትነት በከፈተው የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ለተባለችው ሁሉ «እሺ» ትላለች። ብይ ሲሏት እሺ፣ ተኚ ሲሏት እሺ። ጌትነት «አዲስ አበባ ጨዋ ባል አግኝቼልሻለሁ፤ ቅዳሜ ትበሪያለሽ» ሲላትም እሺ። ምን ይሰማት ይሆን ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ ምንም አይሰማትም።

ጋትዌች ሰኞ ዕለት ወደ ሱቁ መጣ። በስደት ኢትዮጵያ ያደገ፣ አማርኛው ከብዙዎቻችን የሚሻል የኑዌር ልጅ ነው። ናስር ከተማ ላለ ትምህርት ቤት አርባ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ተሰጥተውታል። ሃርድ ዲስክ የላቸውም፤ የሚነሱት በሜሞሪ ካርድ ነው። ማስኬጃው ሊኑክስና ትምህርቱ የተጫኑት ባለ ስምንት ጊጋ ካርድ ላይ ነው፤ የጁባ ታውንን ገበያ ዞሮ ዞሮ ያገኘው ግን ባለ አራት ብቻ። ወደ ናስር የሚሄደው ጀልባ ደግሞ አርብ ይነሳል።

«በአራቱ እንዲገባ ሊያንስ ይችላል?»

«ይችላል» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

አራት ቀን አጠገቧ ተቀመጠ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ይጠይቃታል። እሷ ከካርዱ ላይ ጌሙን አጠፋች፣ ማንም የማይከፍተውን ሁሉ አጠፋች።

«ካርዱን እንደ ቤት አስበው፤ መጀመሪያ ውስጡን ሰብሰብ ታደርጋለህ፤ ከዚያ ግድግዳውን ታስጠጋለህ። ግድግዳውን ካስቀደምክ ዕቃህ ይቆረጣል።»

«ጉዴሌ ሰፈር ያለው ቤቴ ይህን ምክርሽን አልሰማም ማለት ነው! በዝናብ ግድግዳው ቀድሞ አልጋዬ ላይ ተኛ።»

ያኔ ምን እንዳለችው አታስታውስም።

ሐሙስ ጠዋት የመጀመሪያው ካርድ ሠራ። ሁለተኛው ላይ ግን ኮፒው ሊያልቅ ሲል ቀጥ አለ፤ ቦታ አልበቃም። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ በመጀመሪያው ካርድ ልክ ነበር የቆረጠችው። አራት ጊጋ የተጻፈበት ሁሉ እኩል አይደለም፤ ትንሹን ፈልጋ መለካት ነበረባት።

«ሠላሳ ሜጋ ይጎድላል። ከትምህርቱ በቀር የሚጠፋ ነገር የለም» አለች። ከዚያ አንድ ፎልደር አየች፤ «ማንያ» ይላል። «ይሄ ምንድነው?»

ጋትዌች ደነገጠ። «እሱን ተዪው! ትናንት ነው ከስልኬ ያዛወርኩት። ስታስረጂኝ የቀዳሁት ድምፅሽ ነው። ናስር ላይ ቢበላሽብኝ ማን ይነግረኛል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ አንቺ ቅዳሜ ትሄጃለሽ። እኔ ምን ይቀረኛል?»

ከፈተችው። ስለ ግድግዳው ስታወራ ሰማች። የጋትዌች ቀልድ መጣ፤ ወዲያው አንዲት ሴት ከልቧ ሳቀች፣ ትን እስኪላት።

«ማናት?»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ሌላ ማን ነበር እዚህ?»

ደግማ ከፈተችው። ሳቁ የአባቷ ሳቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ትን ማለቱ ሳይቀር። ሦስት ወር የቆየው እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ኪቦርዱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጋትዌች የሚያደርገው ጠፍቶት ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

ሲወጣላት ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ፎልደሩን አጠፋችው።

«ማንያ! ምን አደረግሽ?»

«ቦታ አገኘሁልህ። እኔ ራሴ እያለሁ ቅጂው ምን ያደርግልሃል?»

ሁለተኛውን ካርድ ነቀለችና ወደ እሱ ዞረች።

«ካርዶቹ ነገ በጀልባው ይሂዱ፤ እኛ በሚቀጥለው እንደርሳለን። አንተ ግን ዛሬውኑ ለወንድሜ ሽማግሌ ላክ።»

«እኛ ዘንድ እኮ ለጥሎሽ የሚነዳው ከብት ነው።»

«ጌትነት ከብቱን ፕሪንተሩ ላይ ሊያስረው ነው? ሽማግሌ ላክ አልኩህ!»

ይህን ጊዜ ጌትነት ከውጭ ገባ። ጋትዌችን ገልመጥ አደረገና ወደ እህቱ ዞረ። «ሻንጣሽን አዘጋጀሽ? ነገ ወዲያ ነው እኮ።»

እሺታው ለምዶባት ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«አልሄድም ጌትዬ» አለችና ሁለተኛውን ካርድ እንደገና ሰካች።