ሊማሊሞ ላይ የተሰማ ቃል

ያርጋል የሞተው በማለዳ ነው። ገብስ ጭኖ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ፒካፑ ሊማሊሞ ላይ አንዱን ጥምዝ ስቶ ገደል ገባ። ኢንስፔክተር ሠርካለም ስትደርስ አስከሬኑ ጋቢ ተደርቦበታል። ገብሱ በየቋጥኙ ተበትኖ ጭላዳዎች ይለቅሙታል።

የብሔራዊ ፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት የሚባሉት ሽማግሌ አያ የሺዋስ ከአስከሬኑ ራስጌ፣ ውሃ የሞላ ጆግ እንደያዙ ቆመዋል። ቤታቸው ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው።

«በሕይወት ነው ያገኘሁት» አሏት። «መሪው ደረቱን ደቁሶታል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚደጋግመው፤ ‹እስፕሪንጉን፣ እስፕሪንጉን› ይለኛል። እስፕሪንግ ምንጭ እንደሆነ ከቱሪስቶቹ አውቃለሁ፤ የት ነው እያሉ ሲጠይቁኝ ነው የኖሩት። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ ወደ ምንጩ ሮጥኩ። ስመለስ አልፏል።»

«መኪናው ሲወርድ ሰምተውታል?»

«እንዴት አልሰማ! ዳገት እንደሚወጣ ነበር የሚያጓራው።»

ሠርካለም ወደ መንገዱ ቀና ብላ አየች። ከዳር እስከ ዳር ቁልቁለት ነው። ወደ አስፋልቱ ወጥታ ከጥምዙ በፊት ያለውን መሬት መረመረች። ሁለት ጥቁር የጎማ መስመሮች ረጅም ርቀት ተጉዘው ገደሉ አፍ ላይ ያበቃሉ።

ደባርቅ ግን ፍርዷን ጨርሳ ነበር። ገዳዩ መካኒኩ ገዱ ነው ተባለ፤ ባለፈው ሰሞን የፒካፑን ፍሬን የሠራው እሱ ነበራ! ገዱ የያርጋል ሚዜ ነው፤ አብረው አድገዋል። ይህ አላዳነውም። ጋራዡ በድንጋይ ሲደበደብ ፖሊስ አውጥቶ ወደ ጣቢያ ወሰደው።

«ጓደኛዬን ገደልክ ይሉኛል» አለ ገዱ፣ የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ። «እናቱ እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ። ፍሬኑን በደንብ ነው የሠራሁት፤ እኔ ራሴ ነድቼ ሞክሬዋለሁ።»

«ገዱ፣ እስፕሪንግ ማለት ምንድን ነው?»

ግራ ተጋብቶ አያት። «ሞላ ነዋ! ተለጥጦ የሚመለሰው። በጋራዥም በሹፌርም ዘንድ ሌላ ትርጉም የለውም። ለምን ጠየቁኝ?»

ተነሥታ ወጣች።

የሟች ሚስት ዘቢደር ጥቁር ለብሳ፣ ሕፃኗን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ለቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል።

«ያርጋል ጠላት ነበረው?» አለቻት ሠርካለም ከጎኗ ቁጭ ብላ።

«ጠላት የለውም እትዬ። ጌታ ነበረው እንጂ።»

ጌታ ያለችው የፒካፑን ባለቤት አቶ ሀብተ ሚካኤልን ነው። በክረምቱ ልጃቸው ሕሩይ በዚያው ፒካፕ ዳባት ላይ አንዲት አሮጊት ገጭቶ ገድሏል። ያርጋል «እኔ ነበርኩ የምነዳው» ብሎ እንዲፈርም ተለመነ፤ እንጀራው ነውና እሺ አለ።

«ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኘም» አለች ዘቢደር። «ሰኞ ዳባት ፍርድ ቤት ቀርቤ እውነቱን እናገራለሁ አለኝ። ደግሞ ሄዶ ለሳቸው ነገራቸው። ‹እንጀራቸውን በልቼ ከጀርባ ብከዳቸው ነውር ነው› አለ። ነውር! ይኸው ለነውሩ ሲጨነቅ ሞተ።»

የለቅሶውን ድንኳን ያስተከሉት አቶ ሀብተ ሚካኤል ናቸው። ሬሳው ከመኪና ሲወርድ ከሁሉ ቀድመው የተሸከሙትም እሳቸው። በወጣትነታቸው የጎንደር አስመራን መስመር በከባድ መኪና ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከመሪው ላይ የወረዱት ሀብት ካፈሩ በኋላ ነው። ሠርካለምን ሳሎናቸው አስቀመጧት። ልጃቸው ሕሩይ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያርጋል ሲሞት ‹እስፕሪንግ› እያለ ነበር» አለች ሠርካለም። «ምን ማለቱ ይመስልዎታል?»

«ምንጭ ነው እንጂ፤ ውሃ» አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል ወዲያው። «ምስኪን! ጸበል አምሮት ይሆናል።»

«ሌላ ትርጉም የለውም?»

«እኔ እንግሊዝኛ ከየት አውቄ! ልጄን ጠይቂው፤ የተማረው እሱ ነው።»

ሕሩይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንጭ ነው። ከብርድ ወራት ቀጥሎ ያለው ወቅትም እንደዚያው ይባላል። መዝለልም ነው። ደግሞ…»

«በቃ፣ አታድክማት» አሉ አባትዬው።

ሠርካለም አመስግና ተነሣች። በማግስቱ ስብርባሪው ከገደል ተጎትቶ ገዱ ጋራዥ ግቢ እንዲገባ አስደረገች። ሞተሩን ከፍታ ብዙ ሰዓት አቀርቅራ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም አስጠራች፤ አያ የሺዋስ መጡ፣ ዘቢደር መጣች፣ አባትና ልጅ መጡ፣ ገዱም በፖሊስ ታጅቦ መጣ።

«ፍሬን ነው የገደለው ተብሏል» ብላ ጀመረች። «ፍሬኑ ግን ሠርቷል። ያርጋል ጎማውን አስፋልት ላይ እያቃጠለ ነው የወረደው። ፍሬን እምቢ ያለው መኪና የጎማ ጠባሳ አይተውም።»

ገዱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ታዲያ ፍሬን ይዞ ለምን አልቆመም? አያ የሺዋስ ነገሩን። ሞተሩ ዳገት እንደሚወጣ ያጓራ ነበር። ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል። ያርጋልም አንሥቷል፤ መስጫው ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ሞተሩ ከነጭነቱ እየገፋ ወሰደው።»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«አያ የሺዋስ፣ ያገርዎ ሰው ውሃ ሲጠማው ምን ይላል?»

«‹ውሃ› ነዋ።»

«በጣር ላይ ያለ ሰው ውሃን በእንግሊዝኛ አይለምንም። ምንጩን ለርስዎ እስፕሪንግ ያሉት ቱሪስቶች ናቸው። ያርጋል ቃሉን የተማረው ጋራዥ ውስጥ ነው። ‹እስፕሪንጉን› ያለው እስፕሪንጉን እዩልኝ ሊል ነው፤ ትንፋሽ አጠረው።»

«እንግዲህ ውሃ አልለመነኝም?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ብቻውን ጥዬው የሮጥኩት…»

«እርስዎ በቅንነት ነው የሄዱት፤ ቃሉንም ያቆዩልን እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

ሠርካለም የነዳጅ መስጫውን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ትንሽ ሞላ፣ ለሁለት የተበጠሰውን፣ ከኪሷ አውጥታ ለገዱ ሰጠችው።

«ምን ታያለህ?»

ገዱ ወደ ብርሃን ዞሮ አገላበጠው። «በሞረድ ተበልቷል። ግማሹ ለስልሷል፤ ግማሹ ነው ተገንጥሎ የተበጠሰው። አንዴ አጥብቆ ሲረግጠው በቃው።»

«መካኒክ ቢሆን ኖሮ መንጠቆውን ያላላው ነበር፤ ሞረድ አያስፈልገውም። ይህን ያደረገው መኪና የሚያውቅ፣ መካኒክ ያልሆነ ሰው ነው። ፒካፑ ያደረው በአቶ ሀብተ ሚካኤል ግቢ ነው፤ የግቢው ቁልፍ ደግሞ ከርሳቸው እጅ አይወጣም።»

«ልጄ፣ ይህ ውሃ የማያነሣ ነገር ነው» አሉ አቶ ሀብተ ሚካኤል። «ግቢዬ ስላደረ ገዳይ ልባል?»

«ስላደረ ብቻ አይደለም። እስፕሪንግ ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅዎ ውሃ ነው አሉኝ። ዕድሜዎን በመሪ ላይ የፈጁ ሰው! ደባርቅ ውስጥ አንድ ሹፌር አምጡና ጠይቁ፤ መጀመሪያ የሚመጣለት ሞላ ነው። እርስዎ የሚያውቁትን ትርጉም ደብቀው የማያውቁትን እንግሊዝኛ መረጡ። ልጅዎ ሊጨምር ሲል አፉን ዘጉት። ሞላውን መደበቅ የሚያስፈልገው የሞረደው ሰው ብቻ ነው።»

ሰውየው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው ወረደ።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አሉ። «ያርጋል ሰኞ ቢናገር ልጄ እስር ቤት ይገባል። ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ጌታዬ፣ ሌላ ይዘዙኝ› አለኝ።»

«አባባ» አለ ሕሩይ። «እናገራለሁ ያልኩት እኮ እኔ ነኝ። ሰኞ አብረን ልንሄድ ተስማምተን ነበር። ለአንተ የምነግርህ እሑድ ነበር።»

አቶ ሀብተ ሚካኤል ልጃቸውን አዩት። ፖሊሶቹ ግራና ቀኝ ይዘው ሲወስዷቸው እንኳ አንገታቸውን ወደ ኋላ እንዳዞሩ ነበር።

ገዱ ሞላውን በእጁ ጨብጦ ስብርባሪው ላይ ተደግፎ አለቀሰ። ሕሩይ ዘቢደር ፊት ሄዶ ተንበረከከ።

«ተነሥ» አለችው። «ሰኞ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«አንቺ አራስ ነሽ፤ ሐዘንሽም ገና ነው። እኔ ብቻዬን…»

«ብቻህን አትሄድም» አለች ዘቢደር ሕፃኗን ወደ ጀርባዋ እያዞረች። «እስከ ዳባት መንገዱ ረጅም ነው፤ እናንተ ቤት ደግሞ ሰው መንገድ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል።»