ስድስተኛዋ ደቂቃ

«ስድስት ደቂቃ አትቆይም፤ ስክሪኑ ድርግም ይላል። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርሽ» አላት ጂብሪል ሐሙስ ዕለት ከክፍል ሲወጡ።

«ቀን ከሌት ብታሠሪያት ንቅንቅ አትልም። ወላሂ፣ በገዛ እጄ ሞክሬያታለሁ» አሏት ሰው ሁሉ በሶማሊኛ አዴር፣ አጎቴ፣ የሚላቸው ነጋዴው አብሺር ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው።

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንዲት ያገለገለች ግራፊክስ ካርድ ነበር። ብሩክታይት ካርዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷታል። የዋሸው ጂብሪል ከሆነ፣ አዲስ አበባ ተምሮ ያደገ፣ እዚህ ሶማሊኛ በሚነገርበት ከተማ በአማርኛ የሚያስቃት ብቸኛ ጓደኛዋ ነው። አዴር አብሺር ከሆኑ ደግሞ የአባቷ ገንዘብ ውሃ በላው ማለት ነው።

አባቷ አየር ማረፊያው ውስጥ የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ነው። «አራት መቶ ሃምሳ ዶላር፤ ለሁለታችሁ አንድ ኮምፒውተር። ከተቃጠለ ግን ሌላ የለም» ብሎ ጠዋት ገንዘቡን በስልኳ ልኮላታል። ሁለታችሁ ያለው እሷንና አሁን አጠገቧ የቆመውን የአሥራ ሁለት ዓመት ወንድሟን ኬብሮንን ነው። ኬብሮን ጌም ይፈልጋል። እሷ አኒሜሽን ትሠራለች፤ የቤቱ ላፕቶፕ ግን አንዷን አጭር ትዕይንት ለመጨረስ ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ይውላል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዋጋ ስታወዳድር፣ ስትሰርዝ፣ እንደገና ስትጽፍ ከርማ፣ የመጨረሻውን የዕቃ ዝርዝር አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከታዋለች። ያለዚች ካርድ ዝርዝሩ ዋጋ የለውም። አዲሷን ልግዛ ብትል ገንዘቡ ካርዷ ላይ ያልቃል።

«አዴር፣ እዚሁ ልሞክራት?» አለች።

«እሱማ ግድ ነው፣ አቦ! ሳይሞክሩ መግዛት ምን ይባላል?» አሉ። ጅጅጋ ያደጉ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ፈጣን ነው። ካርዷን ጠረጴዛው ላይ ያለ ኬዝ፣ ያለ ሳጥን፣ ተዘርግቶ የተገጠመ ኮምፒውተር ላይ ሰኩላት። ብሩክታይት በፍላሽ ያመጣችውን ሥራ ከፈተች፤ መነጽር ያደረገች ፍየል መንገድ ዳር ታክሲ ስትጠብቅ። የፍየሏ ፀጉር አንድ በአንድ የተሠራ ስለሆነ ለማንኛውም ካርድ ፈተና ነው።

ልክ ምስሉን የማውጣቱን ሥራ፣ ሬንደሩን፣ ስታስጀምር አዛን ተሰማ።

አዴር አብሺር ከደጅ የተደረደሩትን ኪቦርዶች በጨርቅ ሸፈኑና ጫማቸውን አጠለቁ። «የአስር ሰላት ደርሷል። እስክመለስ ትሥራ።»

«ሱቁስ?» አለ ኬብሮን።

«ሱቁ የት ይሄዳል?» ብለው ወጡ።

ኬብሮን በሩን አየ፣ እህቱን አየ። «ብሩኬ፣ ሰውየው እኮ ሁሉን ነገር ጥለውልን ሄዱ!»

«ዝም ብለህ ሰዓት ያዝ።»

ሦስት ደቂቃ። አራት። የካርዷ ማራገቢያ ድምፁን ከፍ አደረገ። አምስት ሲሞላ ብሩክታይት ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ስድስት!» አለ ኬብሮን።

ስክሪኑ ላይ የፍየሏ ጢም ቀስ እያለ ብቅ አለ። ሰባት። አሥር። አዴር አብሺር ጺማቸው ውሃ እንዳዘለ ሲመለሱ፣ ፍየሏ ከቀንዷ እስከ ሰኮናዋ አልቃ ታክሲዋን ትጠብቅ ነበር።

«ማሻአላህ! ታክሲ ግን አያቆምላትም» አሉና ሳቁ። ብሩክታይትም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን አቋረጠች። ካርዷ ደህና ናት። ታዲያ ጂብሪል ለምን?

ስልኳን አውጥታ ደወለችለት፤ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን ከፈተችው። «ጂብሪል፣ እውነቱን ንገረኝ። ካርዷን የት ነው ያየሃት?»

«የአጎቴ ልጅ ዓብዲራሺድ ጋ ነዋ። ወስዶ ቤቱ ሞከራት። ሦስቴ አስነሳናት፣ ሦስቴም ስክሪኑ ጠፋ። ምነው፣ ፎገረኝ ብለሽ ነው?»

ብሩክታይት ዞረች። «አዴር፣ ወስዷት ነበር እንዴ?»

«አዎ፣ ሞክሬ ልክፈል አለኝ፣ ሰጠሁት። አልሠራችም ብሎ መለሳት። እኔም ለዚህ ነው ሁለት ቀን ሙሉ የፈተንኳት።» ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ስማ፣ አንተ ልጅ! የዓብዲራሺድ ኬዝ ያ የሚያብረቀርቀው ነው?»

«አዎ፣ መስታወቱ። ቀስተ ደመና የመሰለው።»

«ከኔው ነው የገዛው። አብሮት በስጦታ የሚመጣውን መብራት ሰጪ፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ሳይቀይር ነው እሷን የሰካት ማለት ነው! ለቢሮ ኮምፒውተር እንጂ ለሌላ አይሆንም ብዬው ነበር። ካርዷ ሥራ ሲበዛባት ብዙ መብራት ትስባለች፤ እሱ ያን ሁሉ ከየት ያምጣ? ሲያቅተው ይጠፋል።»

«እና... እኔ አልዋሸሁም» አለ ጂብሪል ቀስ ብሎ።

«አልዋሸህም» አለች። ከሐሙስ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳላት። «ማንም አልዋሸም።»

ከዚያ ዝርዝሩ ትዝ አላት። ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ በኬብሮን ጉልህ ጽሑፍ፣ «ባለመብራቱ መስታወት ኬዝ፤ ፓወር ሰፕላይ በነጻ!» ይላል። ከሥሩ እሳት የሚተፋ ዘንዶ ሥሎበታል። ካርዷን ከዚህ ኬዝ ጋር ገዝተው ቤት ቢገቡ ኖሮ፣ በስድስተኛዋ ደቂቃ እነሱም አዴር አብሺርን ይረግሙ ነበር።

አዴር አብሺር ወረቀቱን አዩ። በአንድ እጇ የስጦታውን ፓወር ሰፕላይ አስቀመጡላት፤ እንደ ባዶ ምሳ ዕቃ ቀላል ነው። በሌላው እጇ ሌላ አስቀመጡላት፤ ክንዷ ወደ ታች ወረደ።

«ይኼ ከባዱ፣ ተራው ጥቁር ኬዝ ውስጥ ቢገባ፣ ዋጋው ከባለመብራቱ እኩል ነው» አሉ። «ምርጫው የናንተ ነው።»

ኬብሮን ጥግ ላይ ያለውን ጥቁር ኬዝ አየ፤ ከዚያ መስኮቱ ላይ ሰማያዊና ቀይ የሚለዋወጠውን መስታወት ኬዝ አየ። «ጥቁሩ ያባዬን የመፍቻ ሳጥን ነው እኮ የሚመስለው» አለ በተሰበረ ድምፅ።

«አባዬ በዚያ ሳጥን አውሮፕላን ያስነሳል» አለችው።

ኬብሮን አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። «እሺ፣ ግን ዘንዶው ይለጠፍበታል።»

«ይለጠፍበታል።» ቀላሉን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ከባዱን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጂብሪልም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አዴር፣ ካርዷን፣ ጥቁሩን ኬዝና ይኼን ከባዱን ነው የምንወስደው። ጂብሪል፣ አንተ ደግሞ ነገ ከዓብዲራሺድ ጋር ና፤ አብረን እንገጥመዋለን።»