ሥዕሉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች

«ስምሽ የለም» አለ መዝጋቢው መምህር።

ባሂራ ከመስኮቱ ሥር አልተንቀሳቀሰችም። ከኋላዋ ያለው ሰልፍ ይገፋል፤ አንዱ ጭራሽ ቦርሳውን ጀርባዋ ላይ አስደግፏል። «እስቲ እንደገና ይመልከቱልኝ፣ ቲቸር። ባሂራ ሀቢቡ። ውጤቴ ሦስት ነጥብ አንድ ነው።»

ወረቀት ሲገላበጥ ሰማች። «አየሁት እኮ፣ የኔ ልጅ። ወደ መሰናዶ ካለፉት ውስጥ የለሽም። ውጤትሽን ማን ነው ያየልሽ?»

ማን ነው ያየልሽ። ባሂራ ይህን ጥያቄ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው ኖራለች፤ ለምዳዋለች። ዛሬ ግን መልሱን ፈራችው።

ያየችላት ሰላም ናት። የጎረቤታቸው የአናጢው የጋሽ ገብሬ ልጅ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተማረች፣ ቡታጅራ አስፋልት ላይ ባጃጅ ሲመጣ ክርኗን ሳብ የምታደርግላት ሰላም። የአሥረኛ ክፍል ውጤት የወጣ ዕለት ሁለቱ ከባሂራ አባት ጋር ሆነው ሙንታሲር ኢንተርኔት ቤት ሄዱ።

ባሂራ የሚናገር ስልክ አላት፤ መርካቶ የሚነግደው አጎቷ ነው የላከላት። ጣቷን ስታንሸራትት የተጻፈውን ያነብላታል። ታዲያ እንግሊዝኛና ቁጥር ብቻ ነው የሚያነበው፤ አማርኛ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል። ውጤት የሚታይበት የመንግሥት ድረ ገጽ ደግሞ መግቢያው ላይ አንድ ሥዕል አለው። ሥዕሉ ውስጥ የተጣመሙ ቁጥሮች አሉ፤ እነሱን አይቶ ያልጻፈ አይገባም። ስልኳ እዚያ ሲደርስ «ኢሜጅ» ብሎ ያልፋል። የቤቱ ባለቤት ሙንታሲር፣ «ሰው መሆንሽን ማረጋገጫ ነው» ብሎ አስረዳት። «እንግዲያው ሰው አይደለሁማ» አለች ባሂራ፤ ያን ዕለት ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ሳቀች።

ከዚያ ሰላም ቁጥሩን ጻፈች፤ ገጹ ተከፈተ፤ ጥድፍ ጥድፍ እያለች አነበበች። ሦስት ነጥብ አንድ፣ አለፍሽ። አባቷ «አልሃምዱሊላህ» ብሎ እዚያው ቆሞ መርካቶ ላለው ዘመድ በሙሉ ደወለ። በማግስቱ ከጨርቅ ሱቁ ጥሩውን ቆርጦ ዩኒፎርም አሰፋላት። ይኸው አሁን ለብሳዋለች።

ከሰልፉ ወጥታ በበትሯ ግድግዳውን ይዛ ስትሄድ፣ የሰላምን የጫማ ድምፅ ለየችው። ቀረበና ቆመ። ሌላ ጊዜ ከሩቅ «ባሂሬ» ብላ የምትጣራ ልጅ ዝም አለች። ባሂራ ያኔ ገባት።

«ፎገርሽኝ» አለቻት።

«ባሂሬ፣ በናትሽ...»

«ስንት ነው ውጤቴ?»

ሰላም እያለቀሰች ተናገረች። ታሪክና ሥነ ዜጋ ላይ ፊደል የለም፤ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ከታች «አላለፈችም» ይላል። «ጋሽ ሀቢቡ ስልካቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል፤ ምን ልበል? ስህተት ስለሆነ ነገ ይስተካከላል ብዬ ነው። ጌታ ምስክሬ ነው፣ በየቀኑ እየሄድኩ አይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ልነግርሽ ነበር፣ አቃተኝ።»

«ሦስት ነጥብ አንዱንስ ከየት አመጣሽው?»

«የኔ ነው» አለች ሰላም። «የራሴን ነው ያነበብኩልሽ።»

ባሂራ በሥነ ዜጋ ከክፍሉ የሚቀድማት የለም። የፈተናውን ቀን አስታወሰች። የማታውቀው መምህር ጥያቄውን ያነብላታል፣ እሷ መልሱን ትነግረዋለች፣ እሱ መልስ ወረቀቱ ላይ ያጠቁራል። የት እንዳጠቆረ እሱ ነው የሚያውቀው። አጥቁሮ እንደሆነም እሱና አላህ ናቸው የሚያውቁት። በማን እንደምትናደድ ግራ ገባትና ቅርብ ባለው ሰው ተናደደች።

«ትምህርት ጽሕፈት ቤት አብሬሽ ልሂድ?» አለች ሰላም።

«አትምጪ» አለቻትና ብቻዋን ባጃጅ ያዘች።

የጽሕፈት ቤቱ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ ትጮህበታለች።

«ቅሬታ በወረቀት መቀበል ቀርቷል፣ እህቴ። በኦንላይን ነው። ወረፋ እንዲቀር ተብሎ ነው።»

«ኦንላይኑን እኔ መክፈት አልችልም። ሥዕል አለው።»

«ሲስተም ነው፤ እኛ አልሠራነውም። ከላይ የመጣ ነው። ዓይን ያለው ሰው ይሙላልሽ።»

«ዓይን ያለው ሰው ነው እኮ ጉድ ያደረገኝ።»

ሰውዬው ተነፈሰ። «ምን ላድርግ ታዲያ? መብትሽ የዜጎች ቻርተሩ ላይ አለ። ያውልሽ ግድግዳው ላይ፣ አንብ...» አለና አቋረጠው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሲያንኳኳ ቆየ። «ይቅርታ» አለ በመጨረሻ። «ለማንኛውም ፍጠኚ፤ ቅሬታው የጊዜ ገደብ አለው።»

«እስከ መቼ ነው?»

«እሱም ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል።»

ሙንታሲር ኢንተርኔት ቤት ስትደርስ ሰላም ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃታለች። ማንም አልነገራት፤ ባሂራ ሌላ የምትሄድበት እንደሌላት ታውቃለች። ባሂራ አልፋት ገባች። ሙንታሲር ፎቶ ኮፒው ላይ ተጠምዶ «ባዶ ወንበር አለ፣ ቁጭ በይ» አላት።

እሱን ልትጠይቀው ትችል ነበር። አጠገቧ ያለውን ደንበኛ ልትለምነውም ትችላለች። ዞሮ ዞሮ ግን ሁሉም ዓይኑን ነው የሚያበድራት፤ ምን እንዳየ የምታውቅበት መንገድ የለም። የሰላምን ድምፅ ግን ታውቀዋለች። አሁን ደግሞ ሲዋሽ እንዴት እንደሚጣደፍ ጭምር ታውቃለች። ያን ዕለት ጥድፊያው ደስታ መስሏት ነበር።

«ነይ ግቢ» አለቻት ፊቷን ሳታዞር። «ቁልፉን እኔ እጫናለሁ። አንቺ የምታይውን ብቻ ንገሪኝ።»

«ሰባት። ሁለት። ሁለት። ቀጥሎ ያለው ዘጠኝ ይሁን አራት አይለይም፣ ተጣሟል... ዘጠኝ በይው።»

ተሳሳቱ። ሌላ ሥዕል መጣ። ያንንም ተሳሳቱ።

«እኔንም ሰው አይደለሽም አለኝ» አለች ሰላም፣ ሳታስበው። ባሂራ አልሳቀችም።

በሦስተኛው ተከፈተ። ሰላም ራሷ ማውሱን ሳትነካ፣ የባሂራን እጅ ይዛ ቅሬታ የሚለውን አስጫነቻት። ገጹ ተከፈተ። ፎቶ ኮፒው ያጉረመርማል፤ ሰላም ግን አላነበበችላትም።

«አንብቢው» አለች ባሂራ።

«ባሂሬ...»

«አንብቢው አልኩሽ።»

ሰላም አነበበች። ቃል በቃል፣ ድንጋይ እንደሚሸከም ሰው እየቆመች። «ቅሬታ የሚቀርበው ውጤት ይፋ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ባሉት አምስት የሥራ ቀናት ብቻ ነው። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው ተጠናቋል። አገልግሎታችንን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን።»

«መቼ ነው ያለቀው?»

«ትናንት» አለች ሰላም። ድምፅዋ አልተጣደፈም። ባሂራ እውነት መሆኑን ያወቀችው በዚያ ነው።

በቃ፣ አለቀ። ልጅቷ የሥነ ዜጋ መጽሐፉን በካሴት እያስቀዳች ሸምድዳ፣ የዜጋ መብት ስንት ነው ቢሏት በእንቅልፍ ልቧ ትቆጥራለች። ይኸው ሥነ ዜጋ ላይ ሰረዝ ተሰመረላት፤ የሚሰማት ቀርቶ የምታመለክትበት በር እንኳ ጠፋ።

«ቅሬታ የሚባል ነገር እንዳለ አላወቅኩም» አለች ሰላም። «ያን ዕለት ብነግርሽ ኖሮ... እኔ ነኝ የገደልኩሽ።»

አንቺ ብቻ አይደለሽም ልትላት ፈለገች ባሂራ፤ እውነቱም እሱ ነው። አፏ ግን እምቢ አላት። አዲሱን ዩኒፎርም ጉልበቷ ላይ ጨምድዳ ያዘች።

ስልኳ ጠራ። «አባ» አላት ስልኩ፣ በዚያ በእንግሊዝ አፉ። አነሳችው።

«እህስ፣ ተመዘገብሽ?» አለ ሀቢቡ። ከኋላው የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ ለአንዱ ደንበኛ ደግሞ ልጄ ናት ሲል ሰማችው።

«አሁን እመጣለሁ፣ አባ። ሱቅ ጠብቀኝ።»

ስልኩን ዘጋች። ሰላም ከወንበሯ ስትነሳ ተሰማት። «አብሬሽ ልምጣ? እኔ ልንገራቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አይሆንም። ተቀመጪ» አለች ባሂራ። «ወደ ውጤቱ መልሽኝ። ያን ዕለት ያላነበብሽልኝን አሁን አንብቢልኝ፣ ከላይ ጀምረሽ፣ አንድም ሳታስቀሪ።»

ገጹ እንደገና ቁጥር ጠየቀ። ሰላም አየች፣ ባሂራ ጻፈች፣ ተከፈተ።

«ባሂራ ሀቢቡ» አለች ሰላም።

«ባሂራ ሀቢቡ» አለች ባሂራ፣ ለአባቷ እንደምትነግረው አድርጋ።

«አማርኛ፣ ኤ።»

«አማርኛ፣ ኤ።»

«እንግሊዝኛ፣ ቢ።»

«እንግሊዝኛ፣ ቢ።»

እንዲህ እየተቀባበሉ ወረዱ። ታሪክ ላይ ሲደርሱ የሰላም ድምፅ ቢሰበርም ሰረዙን አነበበችው። ባሂራም ደገመችው። ከዚያ ሥነ ዜጋ ቀረበ፤ ሰላም አልቻለችም።



«ሥነ ዜጋ፣ ሰረዝ» አለች ባሂራ በራሷ አፍ፤ በትሯን ፈልጋ ያዘችና ወደ አባቷ ሱቅ ለመሄድ ተነሳች።